ከበድ ይበል!

ሰሞኑን አንድ ተማሪ ከአማካሪው የተመለሰለትን ረቂቅ አሳየኝ። ስለ ግኝቱ አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለ ስሌቱም ቢሆን። ዳሩ ላይ በቀይ የሰፈረችው ይህቺ ብቻ ናት፦ «እንግሊዝኛው ቀሏል፤ ከበድ ይበል»።

ፍርዱ ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚገባ ጽሑፍ ይዞ ዩኒቨርሲቲ መገኘት ነውር ነው። ያን ሁሉ ግራመር፣ ያን ሁሉ ቮካብላሪ፣ ያን ሁሉ አካዳሚክ ራይቲንግ የተማርነው ሰው እንዲገባው ነው እንዴ?

ለጀማሪዎች አሠራሩን ላሳይ። «ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለን እንበል። ያሳፍራል፤ ልጅም ይረዳዋል። መጀመሪያ ድፍረቱን እናለዝበው፦ «ሊፈላ ይችላል»። አሁንም ደፋር ነው። «ሊፈላ እንደሚችል ሊገመት ይችላል»። ማን ገመተ? ይህ የብልግና ጥያቄ ነው። በፓሲቭ ቮይስ ዓለም ሰው የለም። ሙከራው ተደረገ፣ ውጤቱ ተገኘ፣ ስህተቱም ተፈጸመ፤ በቦታው ግን ማንም አልነበረም። ቀጥሎ ግሱን እንግደለው። ውሃ አይፈላም፤ «የመፍላት ሂደት ይከናወናል»። «ውሃ» ራሱ ተራ ነው፤ «የፈሳሽ አካል» ይባልልን። ከዚያ ሦስት ሪፈረንስ፦ አንዱ ያለው፣ ሁለተኛው አንደኛው ብሏል ያለው፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሳያነብ የጠቀሰው። ማሳረጊያው «ማዕቀፍ» ነው። ማዕቀፍ የሌለው ጽሑፍ ምኑን ጽሑፍ ሆነ?

ውጤቱ ይኸው፦ «በነባራዊው የሙቀት ማዕቀፍ ውስጥ የፈሳሽ አካሉ የመፍላት ሂደት የመከናወን አዝማሚያ ሊኖረው እንደሚችል በተለያዩ ምሁራን ሊገመት እንደሚችል ተስተውሏል»። እንዴት ያምራል! 100 ዲግሪዋ ግን የት ገባች? መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ያ ሁሉ «ሊሆን ይችላል» ተደርድሮ፣ የምር መባል የነበረባት አንዲት ጥንቃቄም የለችም፦ ቁጥሩ የሚሠራው በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እሷን ለመጻፍ ግን ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋትሰንና ክሪክ የተባሉት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ለዓለም ያሳወቁት ከአንድ ገጽ ብዙም ባልዘለለ ጽሑፍ ነው። ያውም «እኛ» ብለው ጀምረው! ምስኪኖች፤ አማካሪ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ያለ ምክንያት ረጃጅም ቃላት የታጨቁበትን ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ጸሐፊውን ብልህ ሳይሆን እንዲያውም ብልህነት የጎደለው አድርገው እንደሚገምቱት አሳየ። ግድ የለም፤ ይህንንም ከበድ አድርገን ከጻፍነው ማንም አይደርስበትም።

የምር ግን ያናድዳል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚማር ልጅ አንዷን አንቀጽ ደጋግሞ ያነብና «እኔ ደደብ ነኝ» ብሎ ይዘጋታል። ደደብ አይደለም! ጸሐፊው ራሱ ያልገባውን ነገር በቃላት ሸፍኖበት ነው። ልጁም ነገ ይህንኑ ይማራል። ያወቀውን መናገር ይተውና አዋቂ መምሰል ይጀምራል። ማስተማር የሚሉት ይህንን ከሆነ ማደንቆር ምን ሊባል ነው?

ይልቅ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የከበደ ጽሑፍ በረከቱ የሚታየው ሴሚናር ላይ ነው። አቅራቢው ስላይዱን ቃል በቃል ያነባል። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል፣ ምንም ያልገባው አንዱ ብድግ ብሎ «ከንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፉ አንጻር ጉዳዩን ቢያብራሩልን» ይላል። አቅራቢው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ያቺኑ ስላይድ እንደገና ያነባል። ጠያቂው ማስታወሻ ይይዛል። ሰብሳቢውም ሁለቱንም አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።