ጳጉሜ ደሞዝ የላትም፤ ዕቅድ ግን አላት

ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እናቴ ከወዲያ "ምን ሆነሽ ነው?" ትላለች፣ "ምንም" እላለሁ። ብነግራት "ሰውዬው እውነቱን እኮ ነው" እንደምትለኝ አውቃለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የአዲስ ዓመት ግብ የሚያስጽፈን ያ ስልጠና ዛሬ ነበር። አዎ፣ ያ የአምናው። በጳጉሜ 4 ቀን 2017! ጳጉሜ እኮ ደሞዝ የላትም። የሚከፈለን በወር በወር ነው፣ እነዚህ 5 ቀናት ግን ምርቃት ናቸው። እኛ ለድርጅቱ የምንመርቀው ማለት ነው። "የ13 ወር ፀጋ" ለቱሪስት ነው እንጂ ለደሞዝተኛ 12 ነው። እና በነጻ በምንሠራባት ሳምንት አሰልጣኝ የተባለ አንድ ሰውዬ ኮቱን ገጭ አድርጎ፣ ከሥር ነጭ ስኒከር ተጫምቶ ይመጣና "ጊዜ ገንዘብ ነው" ይለናል። የማን ጊዜ? የማን ገንዘብ?

ገና ሲገባ "እንዴት ናችሁ ቤተሰብ!" አለ። "ደህና" አልን። "አልሰማሁም!" አለ። ሰምቷል። እስኪበቃው አስጮኸን። ቀጥሎ "ከጎናችሁ ላለው ሰው 'መጪው ዓመት ያንተ ነው' በሉት" አለ። ከጎኔ ያሉት ጋሼ ናቸው፣ ሾፌራችን። ታኅሣሥ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። "ጋሼ፣ መጪው ዓመት የእርስዎ ነው" አልኳቸው። "አሜን ልጄ፣ እኔ እንኳ እየወጣሁ ነው፣ ላንቺ ያድርገው" አሉኝ። ስልጠናው እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ማንንም አላማም ነበር።

የሰው ኃይል ኃላፊያችን ካርቶን ታቅፋ ገባች። የአምናው ፖስታ! አምና "የግል ግባችሁን ጻፉ፣ ይታሸጋል፣ ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም" ያለችን እሷው ናት። በራሷ እጅ ነው ያሸገችው። ዛሬ በራሷ እጅ ለሰውዬው አቀበለችው።

እጁን ከቶ አንዱን መዘዘ። የእኔን። ከ40 ሰው የእኔን! ቀደደና በማይክ ያነብ ጀመር።

"1ኛ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት።" እሺ፣ ይሄ ይነበብ።

"2ኛ፣ 50 ሺህ ብር ማጠራቀም።" የፋይናንስ ልጆች ተያዩ። ደሞዜን ያውቁታላ።

"3ኛ፣ ከእናቴ ቤት መውጣት።" ከኋላ አንዱ "ኧረ በናትሽ!" አለ። ሳቅ።

"4ኛ..." ብሎ ቆመ። ለራሱ አነበበው። ፈገግ አለ። ቀና ብሎ አየን፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። "4ኛ፣ እሱን መርሳት።"

አዳራሹ ተደበላለቀ። "ማነው እሱ? ስም ይጠራ!" ሽያጭ ክፍሎች ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆን። እናንተ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የት ክፍል እንደሚሠራም ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅሮ ስልኩን ያያል። ስልኩ ግን ዝግ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

"ተነሺ እስቲ እህቴ" አለኝ። ተነሳሁ። "ከአራቱ የቱ ተሳካ?"

"አልተሳካም።"

"የቱ ነው ያልተሳካው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም!" ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ፣ እጁን ዘርግቶ። "ለምን?"

"ብር" አልኩ።

"ብር ምክንያት አይደለም እህቴ። ብር አስተሳሰብ ነው!"

ተጨበጨበለት። ማን እንደጀመረው ልንገራችሁ? ካርቶኗን የታቀፈችው።

እኔ እንደሆነ መልስ የሚመጣልኝ ሁሌ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። "እንግዲያው የዛሬውን አበልህን በአስተሳሰብ ይክፈሉህ" ማለት ነበር! ሰልፉ ላይ ለብቻዬ ስስቅ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝና ቦርሳዋን ወደ ሆዷ ሳብ አደረገች።

ቆይ ስለዚህ አስተሳሰብ ስለሚባለው ነገር እናውራ። ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ያንን ፖስታ ስጽፍ 100ን አልፏል፣ ዛሬ 140ንም አልፏል። እኔ ዶላር አልጠቀምም፣ ዘይት ነው የምጠቀመው። ዘይቱ ነው ዶላር የሚፈልገው። አምና የተጨመረልኝን ደሞዝ ታክሲው ብቻ ጨርሶታል። ደግሞ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፣ ዕቁብ ገብቻለሁ። የደረሰኝ ሚያዝያ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት የእናቴ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ዕቁቡ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጢ ሆነ። ከእናቴ ቤት ልወጣበት ያጠራቀምኩትን የእናቴ ቤት በላው። ይሄን "ስማርት ጎል" በሚሉት ሰንጠረዥ ውስጥ የትኛው ሳጥን ላይ ልጻፈው?

መንጃ ፈቃዱማ አይወራ። ትምህርቱን ጨረስኩ፣ የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። ለተግባሩ ስሄድ "ሲስተም የለም"። ሌላ ቀን ሲስተሙ አለ፣ ፈታኙ የለም። ሌላ ቀን ፈታኙም ሲስተሙም አሉ፣ መኪናዋ አልነሳ አለች። እሷን ማንም በማይክ "ለምን?" ብሎ አላፋጠጣትም። በየሄድኩበት ቀን ደግሞ ከዓመት ፈቃዴ ተቆርጧል።

በዚህ ላይ ሰውዬው ግድቡን አመጣብኝ። "ዛሬ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ! 5,150 ሜጋ ዋት! አይቻልም የተባለውን ችለናል፣ አንቺ መንጃ ፈቃድ ያቅትሻል?"

በግድቡ አትምጡብኝ። ተማሪ እያለሁ ለራሴ ካርድ ሳይኖረኝ ወደ 8100 "ኤ" ብዬ የላክሁ ሰው ነኝ። ዛሬም ምረቃውን ሳይ እንባዬ መጥቷል። ግን መቼ ነው የተጀመረው? መጋቢት 24 ቀን 2003። 14 ዓመት! አገር በሙሉ ቦንድ እየገዛ፣ ደሞዝ እየተቆረጠ 14 ዓመት። ለእኔ 12 ወር፣ ለብቻዬ፣ በዚህ ደሞዝ? ለእኔም 14 ዓመት ይሰጠኝና አጭር ቁጥር ይከፈትልኝ፤ መንጃ ፈቃድ አይደለም አውሮፕላን አበርላችኋለሁ።

ከእኔ ቀጥሎ የጋሼ ፖስታ ወጣ። አንድ ቃል ብቻ። "ጤና።"

"ጋሼ፣ ጤና እኮ ግብ አይባልም" አላቸው። "ግብ የሚለካ መሆን አለበት።"

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ። "አምና ስኳሬ 300 ነበር። አሁን 140 ነው። ተለካልህ?" አሉና ተቀመጡ። አቤት ጭብጨባው! እኔ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት፤ እጄ አሁንም ያቃጥለኛል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ቁምነገር ያ ብቻ ነው፤ ያውም አበል ሳይከፈልበት።

ቆይ ደግሞ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምንታቀደው? ሐምሌ 1 በጀት ዓመት ነው ተብሎ ዕቅድ። መስከረም 1 አዲስ ዓመት ነው ተብሎ ዕቅድ። ጥር ሊጠባ ሲል ደግሞ "አጋሮቻችን በፈረንጆቹ ነው የሚሠሩት" ተብሎ ሌላ ዕቅድ። በዓመት ሦስቴ አዲስ ሰው ሁኚ እባላለሁ፤ አሮጌዋን መች ጨረስኳት? እናቴ ትሻላለች። ትናንት ሩፋኤል ነው ብላ ትንሽ ሲያካፋ ደጅ አስወጣችኝ። "ውጪና ይንካሽ፣ ማቴዎስ ይዞት ይሂድ፣ ማርቆስ ደህና ይዞልሽ ይምጣ።" በቃ፣ አለቀ። ማይክ የለ፣ ፖስታ የለ።

ሐሙስ ደግሞ አክስቴ ትመጣለች። ዶሮው ገና ሳይወጣ ትጀምራለች። "ዘንድሮስ?" ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ዘንድሮስ ምን? ዓመቱ እኮ ገና 6 ሰዓቱ ነው አክስቴ! አምናም ብላኛለች፣ ካቻምናም ብላኛለች። ያ አራተኛው ቁጥር ወሬ ጆሮዋ ከገባማ አለቀልኝ። የሚነግራትም አይጠፋም፤ የእህቷ ልጅ የሽያጭ ክፍላችን ልጅ ጓደኛ ነች።

ለነገሩ እሷ ከመምጣቷ በፊት ዶሮው ይገኝ። ዛሬ ስመለስ ዋጋ ጠየቅኩ። ነጋዴው ነግሮኝ ሲያበቃ ፊቴን አየና "ሽንኩርቱን ግን ልመዝንልሽ?" አለኝ። ሽንኩርቱን መዘነልኝ።

ልንወጣ ስንል አዲስ ፖስታ ታደለን። "ዘንድሮ በእርግጥ ሚስጥር ነው" አለች ኃላፊያችን፣ ዓይኔን ሳታይ። ከጋሼ ኮርጄ "ጤና" ብዬ አሸግኩት። ስኳር የለብኝም፣ ምን እንደማስለካ አላውቅም። ደም ግፊት ነው መሰለኝ፣ እሱንም ዛሬ ነው የጀመረኝ።

ደግሞ ከአሁን ጀምሮ "አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤና፣ የስኬት" የሚለውን ከሌላ ሰው የተላከላችሁን፣ ሥሩ ላይ የማላውቃቸው ቤተሰቦች ስም ያለበትን መልእክት እንዳትልኩልኝ። ስሙን እንኳ አጥፉት እንጂ! ብር መላክ የፈለገ ግን ቴሌብሬ ያው በስልክ ቁጥሬ ነው፤ ሐሙስ ሳይደርስ ይሁን፣ ዶሮው ከነገ ወዲያ ዋጋው ሌላ ነው።