ከስብከቱ በፊት ኑሮውን እዩ

ወገኖቼ፣ ፓስተራችን ሲሰብክ «አሜን» እንላለን፤ ሲጸልይልን እናለቅሳለን። ሚስቱን እንዴት እንደሚያናግር፣ የተበደረውን ይመልስ እንደሆነ፣ ለዘበኛው ደመወዙን በጊዜው ይከፍል እንደሆነ ግን አንጠይቅም። የሚጠይቅ ሲገኝም «መንፈሳዊ አይደለም» ብለን አፉን እናስይዘዋለን።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ የቤተ ክርስቲያን መሪ ምን መምሰል እንዳለበት ሲዘረዝር፣ ስለ ችሎታ ያነሣው ማስተማር መቻሉን ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ጠባይ ነው፤ የማይሰክር፣ የማይማታ፣ ገንዘብ የማይወድ፣ ቤቱን በአግባቡ የሚመራ፣ ከማኅበረ ምእመኑ ውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ በመልካም የሚነሣ። እኛ ሚዛኑን ገልብጠነዋል። አንደበቱ ከጣፈጠና አዳራሹ ከሞላ፣ ሌላውን ሁሉ «እሱም ሰው ነው» ብለን እናልፈዋለን።

የመሪ ጠባይ እሱ ዘንድ ብቻ አይቀርም። ጴጥሮስ አንጾኪያ ሳለ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ይበላ ነበር። በኢየሩሳሌም ከነበረው መሪ ከያዕቆብ ዘንድ የአይሁድ ወገን የሆኑ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ። አዲስ ትምህርት አላስተማረም፤ ከማዕድ መለየቱ ብቻ በቃ። የቀሩት አይሁድ ተከተሉት፣ በርናባስ እንኳ ተወሰደ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጴጥሮስን የሚያህል ሐዋርያ በአንድ ፍርሃት ይህን ያህል ሰው ካሳተ፣ ዓመት ከዓመት የሚዋሽና የሚያዳላ መሪ ስንቱን እንደሚያበላሽ አስቡት።

የመሪ ጠባይ ወደ ሌላው ሲጋባ ደግሞ እንዲህ ነው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ያይና በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ይጠይቃል። ፓስተሩ ፊቱን አጥቁሮ «የእግዚአብሔርን ሥራ ልትቆጣጠር ነው?» ይለዋል። ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ዝም ይላሉ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሰው ያን ወንድም በሩቁ ሰላም ብሎት ያልፋል፤ ብዙ ሳይቆይ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ ይነሣል። የተተካው አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ያየው የወጣቶች መሪም መዋጮ ሲሰበስብ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ሲጠየቅ ያንኑ መልስ በዚያው ቁጣ ይደግመዋል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱንም ዝም የሚያሰኛት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ከየት ተማረው? ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ፣ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ሐዋርያው ምስክር ከፈለገ የእኛ ፓስተር ለምን ይቀየማል?

«የቀባኋቸውን አትንኩ» ትሉኝ ይሆናል። መዝሙር 105ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ጥቂት ሆነው በባዕድ አገር የተንከራተቱትን እነ አብርሃምን ነገሥታት እንዳይጎዷቸው የተነገረ ነው፤ ከተጠያቂነት መሸሸጊያ አይደለም። ዳዊት የተቀባ ንጉሥ ነበር፤ ነቢዩ ናታን ግን ኃጢአቱን ሲገልጥበት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው።

መጠየቅ ሲቀር የት እንደሚደረስ ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጉያና ውስጥ ጆንስታውን በተባለው ሰፈር የሰባኪው ጂም ጆንስ ተከታዮች የሆኑ ከ900 በላይ ሰዎች በእሱ ትእዛዝ በመርዝ አለቁ፤ ሲሶ ያህሉ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኬንያ ሻካሆላ ጫካ፣ ፓስተራቸው እስከ ሞት እንዲጾሙ አዘዛቸው የተባሉ ምእመናን ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። የእኛ ቤት እዚያ አይደርስም ብላችሁ አትዘናጉ፤ እነዚያም ምእመናን መሪያቸውን አምነው ነው የተከተሉት።

በሥውር የሚደክሙ፣ ሲያጠፉ «ይቅርታ» ብለው ምእመኑን ይቅርታ መጠየቅ ያስተማሩ መጋቢዎች አሉ። እነሱን አክብሩ፣ ደግፏቸው፤ ጥያቄ አያስፈራቸውም። በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ የሒሳብ ሪፖርት ይቅረብ በሉ። ፓስተሩን ሊገሥጹት የሚችሉ ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ በስም ጠይቁ። ጥያቄውን ቀድሞ ያነሣው ሰው ብቻውን ቆሞ እንዳይቀር ደግሞ አብራችሁት ተነሡ።