እርማት፦ አልጌ የወረረው የባሕር አኳሪየም በበረኪና አይድንም

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ የኮራል አኳሪየም (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳትና ዓሣ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ) ላለው ልጅ «አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ዋቅላሚ) ከወረረው ውሃውን በሙሉ ድፋው፣ ድንጋዩን በበረኪና እጠበው፣ በአፋር ጨው እንደ አዲስ ጀምር» ብለህ መክረኸዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ልክ አይደለም።

ገንዳውን የሚያጸዱት ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በረኪና እነሱን ይጨርሳል። እንደገና እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ዓሣው በአሞኒያ ያልቃል። አልጌው ግን ባዶ ድንጋይ ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም። በረኪና የሚያዋጣው ገንዳው ውስጥ ዓሣም ኮራልም ከሌለ ብቻ ነው።

አልጌው የሚመገበው ናይትሬትና ፎስፌት ነው፤ ስለዚህ ልጁ የዓሣውን ምግብ ይቀንስ። አልጌውን በእጁ ይንቀል፣ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ከገንዳው በቀዳው ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይፈትግ። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ ይቀይር። የቧንቧ ውሃ ራሱ ፎስፌት ሊይዝ ስለሚችል በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በጣም በረቀቀ ማጣሪያ በሚያሳልፍ መሣሪያ) የተጣራ ይሻላል። የገንዳውን መብራት ለ3 ቀን ማጥፋትም ይረዳል። (የሰፈራችን መብራት መጥፋት አይቆጠርም፤ ፓምፑም አብሮ ይቆማል!)

የአፋር ጨው ለወጥ ግሩም ነው። ኮራል ግን አጽሙን የሚሠራው በካልሲየም ነው፤ ማግኒዚየምም ያስፈልገዋል። እነዚህ በበቂ መጠን ያሉት ለአኳሪየም በተዘጋጀ የባሕር ጨው ውስጥ ነው፤ ለ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ገደማ።