ሃይላንድ ወደ ሀገሩ ሲገባ

«እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፈረንጅ አራዳ። ማርፈድ ክልክል ነው!!!» ይላል የቴሌግራም ግሩፑ። 12 ሰዓት ላይ የተገኘነው እኔና አንድ ውሻ ነበርን። 1 ሰዓት ላይ አስተባባሪያችን «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከ። ከድምፁ ኋላ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሰው ሞላን።

ይህን ያነሳሁት ለወቀሳ አይደለም። ተራራ የትም አይሄድም። ይህን የተረዳ ሰው ለምን ይቸኩላል? እንዲያውም ዘንድሮ በእኛ በጅማ ተራራ ወጪዎች ኮርቻለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ጠጠር ካለ ጀምሮ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አንድም እሁድ አላመለጠንም። ጅሬን፣ ዴዶ፣ ሰቃ፣ በለጠ ጌራ። ጠዋት ሄደን ማታ ቤታችን። ምስጋናውን የሚጽፍ ሰው ስለጠፋ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

ከዝግጅቱ ልጀምር። ጅማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ከአልጋችን ስንነሳ ግማሹን ወጥተናል ማለት ነው። ለቀሪው ግማሽ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ ከሩቅ የሚሰማ ስፒከር፣ አንድ ድሮን፣ ዶሮ ወጥ በሰርቪስ፣ እንጀራ በመሶብ፣ እና በነፍስ ወከፍ ሦስት ሃይላንድ ውሃ። ውሃው እንዳይቀያየር አስተባባሪው ማርከር አዙሮ ሁሉም ሰው ስሙን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ አደረገ። በእኔ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ስለነበር፣ ከስሜ ሥር «ፋይናንስ» ብዬ ክፍሌን ጨመርኩበት። ይህችን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ጅሬን ነበር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኞቻችን 6ቱን ኪሎ ሜትር በባጃጅ ጨረስነው። ጉልበት ለቁም ነገሩ መቆጠብ አለበት። ቁም ነገሩ የመጨረሻው ዳገት ላይ የሚነሳው ቪዲዮ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሲደርስ ስልኩን አይቶ ጮኸ። ስምንት ሺህ እርምጃ! ባጃጁ በኮብልስቶኑ ሲንቀጠቀጥ ስልኩ ሲቆጥርለት ኖሯል። አጨበጨብንለት። የሚገባው ነው፤ በባጃጅ ወንበር ላይ ስምንት ሺህ ጊዜ መነጠር ቀላል ስፖርት አይደለም።

ከዚያ ማሟሟቂያ ተሠራ። ከማሟሟቂያው በኋላ ክብ ሠርተን ራሳችንን አስተዋወቅን። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ እና ማንም ሳይጠይቅ «ሲንግል ነኝ»። ቀጥሎ ቁርስ። ቀጥሎ የቡድን ፎቶ። ቀጥሎ ዓይኑን ለጨፈነው ሰውዬ ተብሎ ድጋሚ የቡድን ፎቶ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅጠል እስክትጎብጥ ተሸክማ በመሃላችን አልፋ ወረደች። ፎቶው ውስጥ ገብታለች፤ በኋላ በአፕ አጠፋናት። ያለ ቲሸርት፣ ያለ ማሟሟቂያ፣ ያለ አስተባባሪ ተራራ መውጣትና መውረድ ለጤና አደገኛ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም መሰለኝ።

ትንሽ ከፍ እንዳልን አንድ አባት በሬዎቻቸውን ይዘው ቆመው አዩን። አርባ ሰው፣ አንድ ዓይነት ልብስ፣ በሰልፍ። ደነገጡ።

«ማልቱ ኢሲን ጀላ በዴ?» አሉ። ምን ጠፋባችሁ ማለታቸው ነው።

«ምንም አልጠፋብንም አባባ። እየተራመድን ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ።»

«ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ልጁ በኮንጎ ጫማ፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከኋላችን ይከተለን ጀመር። በኋላ ስንጠይቀው «ሰዎቹ ደህና አይመስሉኝም፣ ገደል እንዳይገቡ እያቸው» ተብሎ መላኩን ነገረን። እኛ ለቪዲዮ በቆምን ቁጥር እሱም ይቆማል። መጨረሻ ላይ ሰልችቶት ቀድሞን ወጣ፣ ውሃውን ቀዳ፣ ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወርድ ከመንገዱ ግማሽ ላይ አገኘን።

ላይ ስንደርስ ቤተ መንግሥቱን ጎበኘን። ማለቴ፣ ለቤተ መንግሥቱ ጀርባችንን ሰጥተን ተነሳን። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው እስከ 1932 የኖሩ ሰው ናቸው። ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት አትርፈዋል። ያሠሩት ቤት የእንጨት ሥራ ነው። ዛሬ እንጨቱ እያረጀ ጥገና ይለምናል። እኛም እንደ እሳቸው ለተራራው ገበርን። የግብሩ ዓይነት ይለያል እንጂ። ሦስት ሦስት ሃይላንድ በአርባ ሰው ስታባዙት መቶ ሃያ ነው። አንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዳንዱ እንደ ባንዲራ እንጨት ጫፍ ላይ ተሰክቶ። የአባ ጅፋር እንጨት ምስጥ ይበላዋል። የእኛን ቅርስ ምስጥም፣ ዝናብም፣ መንግሥትም አይነካውም። ያለ ምንም የጥገና በጀት ለልጅ ልጆቻችን ይደርሳል።

ደግሞ ስሙን ልብ ብላችሁ አታውቁም? የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስን ማንም ያሽገው ማን ሀገሩ ሁሉ «ሃይላንድ» ነው የሚለው። በፈረንጅ አፍ ሃይላንድ ማለት ደጋ፣ ከፍታ ማለት ነው። ያ ምስኪን ጠርሙስ ዕድሜውን ሁሉ ቆላ ለቆላ፣ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት ኖረ። ማን ወደ ሀገሩ መለሰው? እኛ።

አንዳንድ ምቀኛ ሲወርዱ ይዘውት ቢመለሱ ምን አለ ይላል። ባዶ ጠርሙስ ይከብዳል እኮ! ሙሉውን ተሸክሞ የወጣ ሰው ባዶውን ተሸክሞ ውረድ ሲባል አይከፋውም? በመንገዳችን ሁሉ ሕፃናት ሚኒባሱን እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ለዘይት፣ ለወተት፣ ለትምህርት ቤት ውሃ ይፈልጉታል። ስንሄድ አንሰጣቸውም፤ ውሃ አለበት። ስንመለስም አንሰጣቸውም፤ ተራራው ላይ ቀርቷል። አሰጣጣችን ሥርዓት አለው። የፈለገ ዳገቱን ወጥቶ ይልቀም። ሕፃናትን ለሃይኪንግ ያነሳሳ ከእኛ ሌላ ማን አለ?

ኅዳር ላይ ቡናው ቀላ። ወደ ሰቃ ስንሄድ በየማሳው ለቀማ ነው፣ በየደጁ ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቷል። አንዷ እህታችን እሸት ቡና በባርኔጣዋ ሙሉ ሸምጥጣ «የአያቶቼ ምድር» የሚል ቪዲዮ ሠራች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አያቶቿም እንደዚያው። ቪዲዮው ሲያልቅ ባርኔጣውን መሬት ላይ ገለበጠችው። ባለማሳዋ ሴትዮ ምንም አላለችም። ተንበርክካ ከሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ ለቀመችው። ያቺን አንድ ባርኔጣ ስትለቅም የወሰደባትን ጊዜ አይቻለሁ። እኛ ሁለተኛውን ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ያለውን፣ ሠርተን ጨረስን፤ እሷ ገና ነበረች።

ዴዶን እንለፈው። ዘነበ። ጅማ ላይ «በጋ ነው» ብሎ ነጭ ስኒከር የሚያደርግ ሰው ለዝናብ ጥሪ ልኳል ማለት ነው።

የወቅቱ ቁንጮ በለጠ ጌራ ነው። ትልቅ ደን ነው። ቡና ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ሥር ይበቅልበታል፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነጭ ጅራቱን እያውለበለበ ይዘላል። ችግሩ ዝም ያለ ቦታ ነው። ዝምታው ደግሞ ያስፈራል፤ የራስህን ሐሳብ መስማት ትጀምራለህ። አመሰግነዋለሁ፣ ስፒከር የያዘው ልጅ ፈጥኖ ደረሰልን። ከተማ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከባጃጅ የምንሰማው ዘፈን ደን ውስጥ ሲከፈት አገራችን የገባን መሰለን። ጉሬዛዎቹ ሄዱ። ምናልባት ለሌሎቹ ሊነግሩ ይሆናል።

የአካባቢው ሰው ቀፎ ከረጃጅም ዛፍ ላይ ነው የሚሰቅለው። አስጎብኚያችን «ወደ ቀፎው አትጠጉ፣ አትጩሁም» አለን። ምክሩን በቪዲዮ ቀረፅነው። ከዚያ ባለድሮኑ ጓደኛችን ቀፎውን ከላይ ላንሳው አለ። ድሮኑ እያንዛረረ ሲጠጋ ከቀፎው ውስጥም ሌላ ነገር እያንዛረረ ወጣ። የዘንድሮ ፈጣን ሰዓት የተመዘገበው ያኔ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቴን ያለው ሰውዬ ሚኒባሱ ጋ ሁላችንንም ቀድሞ ደረሰ። አንዱ የገዛ ጫማውን ቀድሞ ነው የደረሰው። እኔም እጄ ላይ የነበረውን ሁሉ እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ከንፈራችን ያበጠው ሰዎች የተነሳነው ፎቶ በግሩፑ ውስጥ እስካሁን በብዛት የታየው ነው። «ተፈጥሮ ስትስምህ» የሚል ጽሑፍ አለበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ሂርማታ ወረድኩ። እብጠቱ ጠፍቷል፤ ለጉሮሮዬ ማር ፈልጌ ነው። ከማር ሻጮቹ መሃል አንዲት እናት ጋ ቆምኩ። የጌራ ማር ነው አሉኝ። በሃይላንድ ሞልተው ደርድረውታል። አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ጥሩ ማር ነው፣ ወፍራም፣ ጣል ሲያደርጉት የማይቸኩል። ጠርሙሱ ጎን ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር አለ። ግማሹ ተፍቋል። ታችኛው መስመር ግን በደንብ ይነበባል። «ፋይናንስ» ይላል።

ዋጋ ጠየቅኩ። ነገሩኝ።

«እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» አልኳቸው። «ጠርሙሱ እኮ የእኔ ነው።»

ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበሉኝ። አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ክዳኑን ይፈቱ ጀመር።

«እንግዲያውስ ማሬን ልገልብጥና ጠርሙስህን ይዘህ ሂድ፣ ልጄ።»