ፈርጥ ያለው ጥርስ፦ ከዋሽንግተን እስከ ፒያሳ

በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ጥርስን በሚያብረቀርቅ ድንጋይ ማስዋብ ከሂፕ ሆፕ ሙዚቀኞች አልፎ ወደ ተራው ወጣት ከወረደ ቆይቷል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ስሰነብት፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ካፌዎች ውስጥም ሲስቁ ክራንቻቸው ላይ ብልጭ የሚልባቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። ጌጡ አንድ ይምሰል እንጂ አሠራሩ የተለያየ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ልዩነት ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ማስለጠፍ ብቻ ነው። ባለሙያው የጥርሱን ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ካሻከረ በኋላ፣ ለጥርስ መሙያ በሚያገለግለው ኮምፖዚት ትንሿን ክሪስታል አጣብቆ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል። ክሪስታሏ ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ቆይታ ትወድቃለች፤ ጥርሱ ግን አልተቦረቦረም። ከዚህ ያለፈው የባለጸጎች ጉዳይ ነው፤ ዘፋኙ ፖስት ማሎን እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት የአልማዝ ክራንቻዎች ሲያስገጥም 1.6 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣባቸው ተዘግቦ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሰዎች ግን የሚያወሩት ፈርጡ ስለሚቀመጥበት ክራውን፣ ማለትም በተሞረደ ጥርስ ላይ ስለሚለበሰው ሰው ሠራሽ ሽፋን ነበር። ክራውን ራሱ ምክንያት ያለው ሕክምና ነው፤ ሥሩ የታከመ ወይም የተሰበረ ጥርስ ይሸፈንበታል፤ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰውም የቡናማ ጥርሱን መልክ ይሸሽግበታል። እንዲህ ያለው ሰው ክራውኑ ላይ ፈርጥ ልጨምርበት ቢል የምቃወምበት ምክንያት አይታየኝም፤ ምክንያቱም ድንጋዩ የሚገባው በሰው ሠራሽ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በጥርሱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት አያደርስም።

አሠራሩ ከቀለበት ሥራ ብዙም አይርቅም። ክራውኑ ወርቅ ከሆነ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ጉድጓድ ይወጣለትና፣ ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ የጉድጓዱ ከንፈር ዙሪያውን ተጠቅጥቆ ይይዘዋል። ፖርሲሊን ከሆነ ግን ሽፋኑ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ስለሚጋገር፣ ድንጋዩ የሚጣበቀው ከምድጃው ከወጣና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሁልጊዜም ከፊት ለፊት ገጽ ላይ እንጂ በሚናከስበት በኩል አይቀመጥም፤ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10፣ ሰንፔር 9 ሲሆን ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ የውጭ ልባስ፣ 5 ገደማ በመሆኑ፣ ቢነካካ የሚያልቀው ተቃራኒው ጥርስ ነው።

ኦፓል የተባለውን የአገሬን የከበረ ድንጋይ በጥርሴ ላድርግ የሚል ሰውም ሰምቻለሁ፤ ፍቅሩ ይገባኛል። ለአንድ የፒያሳ አረጋዊ ወርቅ ሠሪ ጉዳዩን ሳነሳላቸው፣ ከወሎ የመጣች ኦፓል ከብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉና፣ ቀለሟ እየደበዘዘ ሰውነቷ እንደ መስታወት ሲያሳልፍ እያሳዩኝ፣ “ልጄ፣ ይቺ ውኃ ጠጪ ናት፤ ምራቅና ቡና ባለበት እንዴት ትከርማለች?” አሉኝ። ከወሎ ደላንታ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በእርግጥም ፈሳሽ ይስባል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ቢመለስም አፍ ውስጥ የሚደርቅበት ጊዜ የለውም።

እናቶቻችን ድዳቸውን ሲነቀሱና ፍንጭት እንደ ውበት ሲቆጠርላቸው ጥርሱ ራሱ አይነካም ነበር፤ ንቅሳቱ የሚያም፣ መርፌውም ንጹሕ ባልሆነ ጊዜ በሽታ የሚያስተላልፍ ስለነበር ያ ዘመን ይመለስ አልልም። አሁን የሚያስፈራኝ ግን ለፈርጥ ሲባል ብቻ ጤነኛ ጥርስ ማስሞረድ ነው። ለሙሉ ክራውን ሲባል ከሚታየው የጥርስ ክፍል ከግማሽ በላይ ሊሞረድ ይችላል፤ ኢናሜል ደግሞ ዳግመኛ አይበቅልም። ማስለጠፍ የሰለቸው ወጣት ክሪስታሉን ያስነሳል፤ ያስሞረደው ግን ፋሽኑ ካለፈም በኋላ ክራውን በየጊዜው እያስቀየረ ይኖራል። ሐኪሙ “ጥርስህ ጤነኛ ነው፣ አልሞርደውም” ሲለው የሚቀየም ደንበኛ፣ በሳምንቱ የሌላ ክሊኒክ በር እንደሚያንኳኳ አንድ የጥርስ ሐኪም ወዳጄ ነግሮኛል።