የራሴን ልምምድ ለማውጣት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት የምሠራበት ጂም ሰሞኑን ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፦ ከእንግዲህ ማንም ደንበኛ የቤቱ አሰልጣኝ ካወጣለት ፕሮግራም ውጭ መሥራት አይችልም። በክለብ ዓመታት የሮጥን ሰዎች ሄደን ስናስረዳ ያገኘነው መልስ ከማስታወቂያው ይብሳል፦ «ሐኪም እንኳ ራሱን አያክምም። አትሌት የነበረ ሰውማ ከጀማሪም የባሰ አደገኛ ነው።»

ሐኪም ሌላ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲታመም ነው። እኔ አልታመምኩም። ጤነኛ ሐኪም ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚተኛ ባልደረባውን አያስፈቅድም።

«ቀነኒሳ በቀለም አሰልጣኝ አለው» ያሉንም ነበሩ። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶን ላይ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ሲወጣ ትግሉ ከሰከንድ ጋር ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ከውጭ የሚያይ ዓይን የግድ ነው። እኔ የምሠራው ደም ግፊትና ስኳር እንዳይቀድሙኝ ነው።

ክለብ ያስተማረን መሮጥ ብቻ መሰላቸው? እንጦጦ ዳገት ላይ ከባድ ልምምድ ከተሠራ በማግስቱ ዱብ ዱብ ብቻ እንደሆነ ያወቅነው በገዛ እግራችን ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ እንደሆነ፣ ያላረፈ አትሌት በየሳምንቱ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አይተናል። ቋንጃ ሲደክምና ሲጎዳ ስሜቱ አንድ አይደለም፤ ያንን የሚለየው ባለቤቱ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴን እቆጥራለሁ። ከወትሮው ከፍ ካለ የዕለቱን ኢንተርቫል (ፈጣንና ዝግ ሩጫ እያፈራረቁ የሚሠራውን ልምምድ) እተወዋለሁ። ይህን የትኛው የጂም ፕሮግራም ካርድ ያውቃል? እኔ ያየኋቸው ካርዶች «ስኳት 3 ዙር 15» ይላሉ፤ ለሃያ ዓመት ወጣትም፣ በቅርቡ ለወለደች እናትም፣ ጉልበቱ ለተጎዳ ሰውም ያው ነው። አደገኛው እንግዲህ ማን ነው?

«ድሮ እንደነበራችሁ ይመስላችኋል» በሚለው ወቀሳ ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሩጫ አቁሞ የሚመለስ ሰው ትንፋሹ በሳምንታት ይስተካከላል፤ ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ ስለማይደርሰው ወራት ይፈልጋል። ሳንባው «ሂድ» ሲለው ተረከዙ ገና ነው፤ ብዙ የቀድሞ አትሌት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ታዲያ ይህን የነገረን የጂሙ አሰልጣኝ ነው? እኛ ራሳችን ነን የምናውቀው። ለዚህም ነው ስመለስ ሰዓቴን ቤት ትቼ፣ አስፋልቱን ሸሽቼ በአፈር መንገድ በዝግታ የጀመርኩት፤ ፍጥነት ከመጨመሬ በፊትም ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ማንሳትና ማውረድ ያዘወተርኩት።

ጂሙ ለጤናችን ተጨንቆ ቢሆን ኖሮ ስንመዘገብ ስለ ጉዳታችን በጠየቀን፣ ደም ግፊታችንን በለካን ነበር። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የፕሮግራም ማውጫው ክፍያ ግን ማስታወቂያው ላይ በደማቁ ተጽፏል። ክፍያውን አሰልጣኝ የሚፈልግ ይክፈል። እኛ የመግቢያችንን ከፍለናል፤ ማስታወቂያው ይነሳልን።