የመውለጃ ቀን በጳጉሜን አይሰናከልም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ ባለሙያ፣ እናቶቻችን የመውለጃ ቀናቸውን የሚስቱት «ዐሥራ ሦስት ወር ባለው አቆጣጠር ስለሚቆጥሩ» እንደ ሆነና በፈረንጅ ቢቆጥሩ ችግሩ እንደሚቃለል ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ቀኑን አያስታውሱም»፣ ስለዚህ እናቲቱ ከምትነግረው ቀን ይልቅ በስምንተኛው ወር የሚታየው አልትራሳውንድ ይያዝ ሲሉም አከሉ። አወያዩም አንዲት ጥያቄ ሳያነሣ አሳለፈው።

እውነቱ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ይቆጠርለታል፤ ዐሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ይህ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይሆናል። መስከረም 1 ቀን የወር አበባ ያየች ሴት ሰኔ 11 ቀን ትጠበቃለች፤ ለዚህ ስሌት ጣት ይበቃል። ጳጉሜን በመካከል ከገባች፣ ከተደመረው ላይ አምስት ቀን፣ ዘመነ ሉቃስ ከሆነም ስድስት ቀን ማንሣት ነው፤ ጥር 20 ያየችው ጥቅምት 25 ወይም 24 ላይ ትደርሳለች። ወሮቹ 28፣ 30፣ 31 እያሉ የሚዋዥቁት በፈረንጁ ነው፤ ሐኪሞች የመውለጃ ቀን የሚያወጡበት፣ ሦስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ሰባት ቀን የሚደምረው የኔግሌ ስሌትም በዚሁ ምክንያት እስከ ሦስት ቀን ሊዛነፍ ይችላል። ያንን ስሌት እንዳለ በእኛ ወሮች ላይ የሚጭን ሰው ደግሞ ለመስከረም 1ዋ እናት ሰኔ 8ን ይሰጣታል። ሦስቱን ቀን የዋጠው ገልባጩ ሆኖ ሳለ ጳጉሜን ትከሰሳለች!

«ቀኑን አያስታውሱም» የሚለው ክስ ደግሞ ያሳፍራል። «በሚካኤል ማግስት» ወይም «ከአረፋ በሦስተኛው ቀን» የምትል ሴት ቀን ነግራለች፤ የቀረው የጠያቂው ሥራ ነው። የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ የቆየች ወይም ጡት እያጠባች ያረገዘች ሴት የምትነግረው ቀን ላይኖራት እንደሚችል አልክድም፤ ለእርሷ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል፣ እርሱም በጊዜ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ24ኛው ሳምንት በፊት እንዲደረግ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በስምንተኛው ወር የሚታይ አልትራሳውንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፤ ባለሙያው ግን እናቲቱ አጥርታ የያዘችውን ቀን በዚህ ወረቀት ሊሰርዙባት ይፈልጋሉ። ቀኗ በሁለት ሳምንት ወደ ፊት የተገፋባት እናት 42ኛውን ሳምንት ጨርሳ ሳለ «ገና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች።